ቶኒ ፑሊስ ኳስ አያውቅም ያለው ማነው?

የውይይት ክሩ ረዝሟል። አዳዲስ ገቢዎች ያለፈውን ሳያነቡ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ስለሆነ መነሻውን ጽሑፌንና የተሰጡትን ምላሾች እዚህ አሰባስቤያለሁ። የሰውን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የተባለውን በራሴ አነጋገር ነው የማወራው። ቀኖቹም ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

መነሻ ጽሑፍ

ቶኒ ፑሊስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮፍያውን ደፍቶ፣ ቱታውን ለብሶ ከመስመር ዳር ሲጮህ ይውል የነበረው የቀድሞው የስቶክ ሲቲ አሰልጣኝ። እኛ ጋ ስሙ ሲነሳ ሁለት ነገር ብቻ ነው ትዝ የሚለን፦ የተጫዋቹ የሮሪ ዴላፕ ረጅም የእጅ ውርወራ እና ከስቶክ ጋር ሲጫወት የተሰበረው የአርሰናሉ የአሮን ራምሴ እግር። ከዚያ በፊት ስለነበረው ሰውዬ ማንም አያወራም።

እስቲ ከታች እንጀምር። ፑሊስ በ1958 ዌልስ ውስጥ ኒውፖርት ተወለደ። ወደብና የብረት ፋብሪካ ያላት የሠራተኛ ከተማ ናት። አባቱም የብረት ፋብሪካ ሰው ነበር። ልጁ ኳስ ተጫዋች ሆነ፤ ትልቅ ተጫዋች ግን አልሆነም። ብሪስቶል ሮቨርስ ጀመረ። አንድ ዓመት ሆንግ ኮንግ ሄዶ ለሃፒ ቫሊ ተጫወተ። ተመልሶ ሮቨርስ፣ ቀጥሎ የትውልድ ከተማው ኒውፖርት ካውንቲ፣ ቦርንማውዝ፣ ጊሊንግሃም፣ እንደገና ቦርንማውዝ። በአንደኛው እርከን አንድም ጊዜ አልተጫወተም። ለዌልስ ዋናው ብሔራዊ ቡድንም አልተሰለፈም። በሸርተቴው ይፈራ ነበር እንጂ በቴክኒኩ ማንም አላወራለትም።

ነገር ግን ይህ ተከላካይ በ19 ዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርን የአሰልጣኝነት ወረቀት ያዘ። በ21 ዓመቱ ከፍ ያለው የአሰልጣኝነት ፈቃድ፣ የዩኤፋ ኤ ላይሰንስ ነበረው። በዚያ ዕድሜ አብዛኛው ተጫዋች ነገ የሚያስፈርመውን ክለብ ነው የሚያልመው። ይሄኛው ሌላ መንገድ እያዘጋጀ ነበር። በ1992 ሃሪ ሬድናፕ ቦርንማውዝን ሲለቅ ቦታውን ተረከበ። ከዚያ በኋላ ሥራው እስከ 2020 መጨረሻ ዘለቀ። ከሺህ በላይ ጨዋታ መርቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የውድድር ዓመቱን አብሮ ጨርሶ ያወረደው ቡድን የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። ፑሊስ ኳስ የማያውቅ አሰልጣኝ ነበር ወይስ ድሃ ክለብ እንዴት እንደሚተርፍ ከሁላችንም በላይ የገባው ሰው? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ። አጨዋወቱን የተማረው ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ አይደለም፤ ከወረዱ ሊዘጉ በሚችሉ ክለቦች ውስጥ ነው። ተከራከሩኝ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ካመሰገነኝ በኋላ የምለውን የሚያጠናክር ነገር ይዞ መጣ። ፑሊስ በ1995 ጊሊንግሃምን ሲረከብ ክለቡ አራተኛው እርከን ላይ ነበር፤ በዕዳ ከመዘጋት ገና መትረፉ ነበር። በመጀመሪያው የውድድር ዓመት ሁለተኛ ሆኖ አደገ። በ46 ጨዋታ የተቆጠረበት 20 ጎል ብቻ ነው። በወቅቱ ለ46 ጨዋታ ሊግ ክብረ ወሰን ነበር። መላሹ እንዳለው ይህን የሠራው ሚሊዮኖች የወጣባቸው ተከላካዮች ይዞ አይደለም።

ምላሽ 2

እዚህ ጋ ነው ጨዋነቱ ያበቃው። መላሹ የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ ይህን ራሱ ሳይናገርም ይታወቃል። ፑሊስን የሚያሞግስ ሰው ያን ጨዋታ አላየም ይላል። ራምሴ ሲሰበር ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የነበረው ዝምታ እስካሁን ከጆሮው እንዳልጠፋ፣ በ19 ዓመት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ቡድን እግር ኳስ ሳይሆን ትግል እንደሚጫወት ጻፈ። የያኔው የአርሰናል አሰልጣኝ ቬንገር የስቶክን አጨዋወት ከራግቢ ጋር ማመሳሰሉም ልክ ነው አለ። ለእኔ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ስድብ ጨመረልኝ። አንዱን አወያዮቹ አጥፍተውታል።

ምላሽ 3

ይኼኛው ለስድቡ አልተመለሰም፤ ቀኑንና ውጤቱን ይዞ መጣ። ጨዋታው የካቲት 27 ቀን 2010 በስቶክ ሜዳ ነበር፤ አርሰናልም 3 ለ 1 አሸንፏል። የራምሴን እግር የሰበረው የስቶኩ ራያን ሾክሮስ ነው፤ ቀይ ካርድ አይቶ እያለቀሰ ወጣ። ራምሴ ደግሞ ራሱ ዌልሳዊ ነው። ፑሊስ በአገሩ ልጅ ላይ ይህ እንዲደርስ ይፈልግ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለምላሽ 2 ነበር፤ መልስ ግን አላገኘም። እውነቱን ለመናገር ለራምሴ ያለኝ ሐዘን የማንንም ያህል ነው፤ አንድ መጥፎ ሸርተቴ የ28 ዓመት ሥራ ሙሉ ማስረጃ ሊሆን ግን አይችልም።

ምላሽ 4

የሳቅ ምልክት ብቻ ነው።

ምላሽ 5

ይህን ምላሽ ቁጭ ብላችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። የጻፉት እንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እኔን አንተ፣ ሌላውን ሁሉ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት፤ ሰዉም እሳቸው ላይ ሲደርስ አንቱ ማለት ጀመረ። ስቶክ ሜዳ ገብተው ጨዋታ አይተዋል። ቴሌቪዥን ላይ የማይታየው ነገር ዝግጅቱ ነው ይላሉ።

ዴላፕ ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት ጦር ውርወራ ይወዳደር ነበር። ያን ክንድ ሌሎች አሰልጣኞችም አይተውታል፤ ሙሉ የማጥቂያ ዘዴ አድርጎ የገነባበት ግን ፑሊስ ነው። ኳሱን ማድረቂያ ፎጣ ከሜዳው ዳር ይቀመጥ ነበር። ሜዳው ራሱ ደንቡ እስከሚፈቅደው ድረስ ጠበበ፤ 100 በ64 ሜትር ገደማ። መስመሩ ወደ ጎሉ ሲቀርብ የእጅ ውርወራው የማዕዘን ምት ሆነ ማለት ነው። ከማዕዘን ምት ይብስ እንደነበርም አስረዱ፤ ኳሱ ዝቅ ብሎ እየከነፈ ስለሚመጣ በረኛው ልውጣ አልውጣ ሲል ይዘገያል፤ በእጅ ውርወራ ደግሞ ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም። ኅዳር 1 ቀን 2008 አርሰናል 2 ለ 1 ሲሸነፍ ሁለቱም የስቶክ ጎሎች ከዴላፕ እጅ የተነሡ ናቸው፤ አንዱን ፉለር፣ ሌላውን ኦሎፊንጃና አገቡት።

ሌላም ነገር አከሉ። ስቶክ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ በመጀመሪያው ጨዋታ በቦልተን 3 ለ 1 ተሸነፈ። አንድ የውርርድ ድርጅት ስቶክ ይወርዳል ብለው ለተወራረዱ ሰዎች ከዚያ አንድ ጨዋታ በኋላ ብራቸውን ከፈላቸው! ስቶክ ያን ዓመት በ45 ነጥብ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከምላሽ 6 እስከ 8

ሦስቱም ስለ ውርወራው ቀልድ ናቸው፤ ሁለቱ ግን እውነተኛ ታሪክ ነው። አንዱ የሃል ሲቲው በረኛ ቦአዝ ማይሂል ለዴላፕ ውርወራ ከሚሰጥ ብሎ ኳሱን አውቆ ወደ ማዕዘን ምት ማውጣቱን አስታወሰ። ሌላው በዚያው ጨዋታ ተቀያሪው ዲን ዊንዳስ ዴላፕ ፊት ቆሞ ሲያሟሙቅ ቢጫ ካርድ ማየቱን ጻፈ። ሦስተኛው ሰፈራቸው ውስጥ እንደ ዴላፕ ልወርውር ብሎ ትከሻው የወለቀ ልጅ እንዳለ ተናገረ። እሱን ማረጋገጥ አይቻልም።

ምላሽ 9

ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ይኼ ነው። ስድብ የለበትም፤ ጥርስ ግን አለው። ድሃ ክለብ የሚለው ነገር ለጊሊንግሃም ይሠራል፤ ለስቶክ ግን አይሠራም ይላል። ስቶክን በ2006 መልሰው የገዙት ፒተር ኮትስ ናቸው፤ ቤተሰባቸው ግዙፉን የbet365 የውርርድ ንግድ የያዘ ነው። በ2010 ኬንዊን ጆንስን በ8 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በ2011 ፒተር ክራውችን በ10 ሚሊዮን ገዙ። ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ አሰልጣኝ ድሃ ነኝ ብሎ ረጅም ኳስ ሲያስመታ ሰበብ ነው። ብሬንዳን ሮጀርስ በስዋንሲ፣ ሮቤርቶ ማርቲኔዝ በዊጋን ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ኳስ ይዘው ሲጫወቱ አላየንም ወይ ብሎ ዘጋው።

ምላሽ 10

የራሴ ነው። ማርቲኔዝ ዊጋንን ይዞ በ2013 መውረዱን አስታወስኩት፤ በዚያው ዓመት የኤፍኤ ካፕን ዋንጫ እንደበላም አልካድኩም። ዋናው ሐሳቤ ግን ሌላ ነበር። ፑሊስ ገንዘብ ሲያገኝ ዕድሜው ከ50 አልፎ ነበር። ልማዱ የተሠራው ቦርንማውዝና ጊሊንግሃም ነው። በችግር ያደገ ሰው ሀብታም ከሆነም በኋላ ከክፍል ሲወጣ መብራት ያጠፋል። ስቶክን በመጀመሪያ በ2002 ሲይዝ ክለቡ የአይስላንዶች ነበር፤ ከሁለተኛው እርከን ሊወርድ ደርሶ በመጨረሻው ቀን ሬዲንግን 1 ለ 0 አሸንፎ ተረፈ። እነዚያው ባለቤቶች በ2005 አባረሩት። የሰጡት ምክንያት ከውጭ አገር ተጫዋች አይፈልግም የሚል ነበር። ፕሊመዝ አንድ ዓመት ሠርቶ ኮትስ ሲመለሱ እሱም ተመለሰ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስቶክን ከ1985 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይኛው ሊግ አስገባ። ያደገበትን ቀን ደግሞ አስቡት፤ ከሌስተር ጋር 0 ለ 0። በዚያች አቻ ሌስተር ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ሌስተር ከስምንት ዓመት በኋላ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። እንግሊዝ ውስጥ መውረድና መውጣት እንዲህ ነው፤ ሰው በዚህ ውስጥ ሲኖር ነጥብ መቁጠር ይለምዳል።

ምላሽ 11

አንድ የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊ እዚህ ጋ ገብቶ ወሬውን ወደ 1999 መለሰው። ጥሩ አደረገ። የሦስተኛው እርከን የማለፊያ (ወደ ላይ የሚያድገውን ቡድን የሚለይ) ፍጻሜ፣ ዌምብሌይ፣ ግንቦት 30። የፑሊስ ጊሊንግሃም በአሳባ እና በቴይለር ጎሎች 2 ለ 0 ይመራል። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ነው። የሲቲ ደጋፊዎች ሜዳውን እየለቀቁ ነው። ሆርሎክ አንድ አገባ። በጭማሪው አምስተኛ ደቂቃ ዲኮቭ አቻ አደረገ። በመለያ ምት ሲቲ አሸነፈ። ደጋፊው እንደሚለው ዛሬ የጋርዲዮላን ሲቲ የሚያይ ልጅ ቡድኑ በጊሊንግሃም ሊቀበር አምስት ደቂቃ እንደቀረው አያውቅም።

ከምላሽ 12 እስከ 14

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ስቶ ወደ ሲቲ ገዢዎች፣ ወደ አቡ ዳቢ ሄደ። ጊሊንግሃም ቢያሸንፍ ኖሮ በ2008 ሲቲን የሚገዛ ይኖር ነበር ወይ? ሁለት ሰዎች ተጨቃጨቁ፤ አንዱ የዩናይትድ ደጋፊ መሆኑ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ መገመት አያቅትም። ጠቃሚው 14 ነው። ፑሊስ ከዚያ ፍጻሜ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከጊሊንግሃም መሰናበቱን፣ ከክለቡ ሊቀመንበር ጋር በሕግ ተካስሶ ነገሩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት መዘጋቱን ጻፈ። ይህን ያዙት፤ በኋላ ሌላ ክስ ይመጣል።

ምላሽ 15

ከእስራኤል የሚጽፍ ልጅ ነው። በ2011 ስቶክ በዩሮፓ ሊግ ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር በአንድ ምድብ መደልደሉን አስታወሰን። ቤተ እስራኤል ጓደኞቹ ዴላፕን ለማየት ጓጉተው እንደነበር፣ ማካቢ ግን በሁለቱም ጨዋታ መሸነፉን እየሳቀ ጻፈ። ቤሺክታሽና ዳይናሞ ኪዬቭም በዚያው ምድብ ነበሩ፤ ስቶክ ከምድቡ አለፈ። እዚያ የደረሰው በኤፍኤ ካፕ ነው። በ2011 ግማሽ ፍጻሜ ቦልተንን 5 ለ 0 አደቀቀ፤ በፍጻሜው በያያ ቱሬ ጎል በሲቲ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ስቶክ በታሪኩ ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የደረሰው ያኔ ብቻ ነው።

ምላሽ 16

ምላሽ 9 ተመልሶ መጣ፤ ከእስራኤሉ ልጅ ታሪክ ላይ ቢላ አወጣ። ስቶክ በቀጣዩ ዙር ቫሌንሲያ ደረሰው። በሜዳው 1 ለ 0 ተሸነፈ። ለመልሱ ጨዋታ ፑሊስ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ ሄደ፤ ለሊጉ ጨዋታ ሊቆጥባቸው። ደጋፊው ገንዘቡን ከፍሎ ስፔን ድረስ ተጉዟል። ዳግመኛ ላይመጣ በሚችል የአውሮፓ ምሽት ሰውዬው ሰንጠረዥ እያየ ነበር። መላሹ የሚለው ይኼ ነው፦ መትረፍን ብቻ የሚያውቅ አሰልጣኝ ከመትረፍ በላይ ያለውን ዕድል በእጁ ይጥላል።

ይህ ምላሽ እኔንም አስቆመኝ። አቋሜን አልቀየረውም፤ ግን ስለ አንድ ሰው ነው የምናወራው። ጊሊንግሃምን ያተረፈው ጭንቅላትና ቫሌንሲያ ላይ ተጫዋች ያሳረፈው ጭንቅላት አንድ ነው። አንዱን ወዶ ሌላውን መጥላት ይከብዳል።

ምላሽ 17

ምላሽ 2 ተመልሶ አልኩህ አይደል አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ምላሽ 18

አንዲት እህት ገባች፤ በዚህ ክር ውስጥ ሴት መሆኗን የገለጸች እሷ ብቻ ናት። የክሪስታል ፓላስ ነገር እንዴት እስካሁን አልተነሳም ብላ ወቀሰችን። ትክክል ናት። በኅዳር 2013 ፑሊስ ሲመጣ ፓላስ ከ12 ጨዋታ 7 ነጥብ ብቻ ነበረው። በ45 ነጥብ 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። ፑሊስ የፕሪሚየር ሊጉ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። እዚያ ዴላፕ አልነበረም። ዊልፍሬድ ዛሃ እንኳ በዚያ ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድና ካርዲፍ ነበር። የነበሩት ያኒክ ቦላሲና ጄሰን ፐንቸን ናቸው፤ ቡድኑ እየተከላከለ በፍጥነት በክንፍ ይወጣ ነበር። ረጅም ውርወራ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን አይሠራም ነው የምትለው። እኔ ከዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ በላይ የረዳኝ ምላሽ ይህ ነው። ሰውዬው በእጁ ባለው ዕቃ ነው የሚሠራው።

ምላሽ 19 እና 20

የሊቨርፑል ደጋፊዎች ለቅሶ። ግንቦት 5 ቀን 2014፣ ሊቨርፑል ለዋንጫው እየተፋለመ በፓላስ ሜዳ እስከ 78ኛው ደቂቃ 3 ለ 0 ይመራ ነበር፤ 3 ለ 3 ተለያየ። ዴላኒ አንድ፣ ጌይል ሁለት። ሱዋሬዝ ፊቱን በማሊያው ሸፍኖ ሲወጣ ያላለቀሰ የለም ይላሉ። እኔ አላለቀስኩም፤ ግን የሊቨርፑል ደጋፊ አይደለሁም።

ምላሽ 21

ከዚህ ጀምሮ አየሩ ተቀየረ። መላሹ ለእህታችን በቀጥታ መለሰ፤ የፓላሱን ምዕራፍ አቆንጅተሽ መጨረሻውን ለምን ደበቅሽው የሚል ቁጣ ነበረበት። መጨረሻው እንዲህ ነው። ፑሊስ ፓላስን ካተረፈ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ቦነስ ይከፈለው ነበር፤ ሁኔታው እስከ ነሐሴ 31 ቀን 2014 በሥራ ላይ እንዲቆይ ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ተሰጠው። በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ 14፣ ሊጉ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራውን ለቀቀ። መላሹ እዚህ ላይ የተጠቀመውን ቃል አልደግመውም።

ምላሽ 22

የአወያዩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰው እንዳይሰደብ።

ምላሽ 23

አንድ የሕግ ሰው የሚመስል መላሽ ነገሩን አቀዝቅዞ አስረዳ። ወንጀል አልነበረም፤ የውል ክርክር ነው። ጉዳዩ በግልግል ዳኞች ታየ። ዳኞቹ ለክለቡ ፈረዱ፤ ፑሊስ ቦነሱን ጨምሮ ከ3 ነጥብ 7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲከፍል ተወሰነ። በ2016 ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ቢልም አልተሳካለትም። መላሹ እንደሚለው ከገንዘቡ በላይ የጎዳው ዳኞቹ ቃሉን አለማመናቸው ነው። ይህን ለሚያውቅ ሰው የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ የሚለውን ሽልማት ብቻ መቁጠር አይበቃም። እዚህ ላይ መከላከያ የለኝም፤ ልፈልግለትም አልሞክርም።

ምላሽ 24 እና 25

እንግሊዝ ያሉት ትልቅ ሰው ተመልሰው መጡ። ልጆች፣ ስለ ጠባዩ ከሆነ ሙሉውን እንናገር ብለው ለሕፃናት መርጃ ገንዘብ ለማሰባሰብ ኪሊማንጃሮን መውጣቱን አነሡ። ምላሽ 25 ደግሞ ተራራ መውጣት ውል አያድስም ብሎ አጭር መልስ ሰጣቸው። አንቱ ማለቱን ግን አልተወም። በስድብ መካከል እንኳ ይህ አለመጥፋቱ ጥሩ ነው።

ከምላሽ 26 እስከ 30

የዌስት ብሮም ወሬ፤ ፈጥኜ ልለፈው፤ ቡድኑም አሰልቺ ነበር። ፑሊስ በጥር 2015 ገባ። በተከታታይ ሦስት የውድድር ዓመት 13ኛ፣ 14ኛ፣ 10ኛ ሆነ። አንዱ መላሽ ላለመውረድ ይበቃል የሚባለው 40 ነጥብ ሲሞላ ቡድኑ ለዕረፍት ሻንጣ ያስራል ብሎ ቀለደ፤ በ2017 የጸደይ ወራት የሆነውን ላየ ቀልድ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2017 በቼልሲ 4 ለ 0 ተሸንፎ ተሰናበተ። ምላሽ 29 ግን ጥሩ ነገር አነሳ። በዚያው የውድድር ዓመት መጨረሻ የወረዱት ሦስት ቡድኖች ዌስት ብሮም፣ ስቶክ እና ስዋንሲ ናቸው። ሁለቱ ፑሊስ ለዓመታት ያቆያቸው፣ ሦስተኛው የገዛ አገሩ ክለብ። ስቶክ ከፑሊስ በኋላ በሌላው ዌልሳዊ በማርክ ሂዩዝ እጅ ሦስት ጊዜ 9ኛ ሆኖ ነበር፤ ኳስም ይዞ ይጫወት ነበር። ከዚያ ወረደ። ምላሽ 30 ይህን ለፑሊስ ምስክር ማድረግ ማጭበርበር ነው አለ፤ ቡድኑን ያረጀና አንድ ዓይነት ስብስብ ይዞ እንዲቀር ያደረገው ራሱ ነው በሚል። ዌስት ብሮምን በተመለከተ አልሳተም ብዬ አስባለሁ። የስቶክን መውረድ ግን ከአምስት ዓመት በፊት ለሄደ ሰው መስጠት ይከብዳል።

ምላሽ 31

መጨረሻው ምን ሆነ ብሎ ለጠየቀ አንድ አዲስ ሰው የተሰጠ መልስ። ሚድልስብራን በ2018 አምስተኛ አድርጎ በማለፊያው በአስቶን ቪላ ተሸነፈ፤ በ2019 በአንድ ነጥብ ከማለፊያው ቀረ። በኅዳር 2020 ሼፊልድ ዌንስደይን ያዘ። 45 ቀን፣ 10 ጨዋታ፣ አንድ ድል። ተባረረ።

ምላሽ 32

አርሰናልን ለማብሸቅ የተጻፈ ነው፤ ተሳክቶለታል። ዛሬ በማዕዘን ምት ጎል የሚኮራው፣ ለቆሙ ኳሶች (ለማዕዘንና ለቅጣት ምቶች) ብቻ ልዩ አሰልጣኝ የቀጠረው፣ በረኛውን በሰው አጥሮ ኳስ የሚጥለው ቡድን የማን ነው? የአርቴታ አርሰናል። ረጅም የእጅ ውርወራም ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመልሷል፤ ብሬንትፎርድን ያየ ያውቃል። በ2008 ኋላ ቀር የተባለው ነገር ዛሬ በዳታ ሲሠራ ሳይንስ ሆነ?

ምላሽ 33

ምላሽ 2 በዚህ ጊዜ ረጅም ጽፏል፤ ከበፊቱ በጣም የተሻለ ነው። አርሰናል ከማዕዘን ምት የሚያገባው ኳሱን ይዞ ተጋጣሚውን ወደ ኋላ ገፍቶ ስለሚያገኛቸው ነው ይላል። ስቶክ ያለ ውርወራው ምንም ሌላ አልነበረውም። አንዱ ለመሸነፍ ፈርቶ፣ ሌላው ለማሸነፍ ፈልጎ ነው የሚጠቀምበት። ልዩነቱ እዚህ ጋ መሆኑን አስረድቶ፣ ለራምሴ ግን መቼም ይቅር እንደማይል አስታወቀ።

ምላሽ 34

ምላሽ 3 ለዚህ መልስ ሰጠ። የስቶክ በጀትና የአርሰናል በጀት እኩል ቢሆን ክርክሩ ይሠራል ብሎ በአንድ መስመር ጨረሰ።

ምላሽ 35

ዛሬ ማታ ለሚደረጉ ጨዋታዎች አስተማማኝ የውርርድ ትኬት አለኝ የሚል ማስታወቂያ። አወያዮቹ አንሥተውታል። ብራችሁን ያዙ።

ምላሽ 36

የመጨረሻው፣ እስከ ዛሬ ድረስ። ከታች ስለ ወጣ ዌልሳዊ የምናወራ ከሆነ የመረጥነው ሰው ትክክለኛው አይደለም ይላል። ጆን ቶሻክ በ1978 ስዋንሲን አራተኛው ዲቪዚዮን ላይ ይዞ በ1981 አንደኛው ዲቪዚዮን አስገባ፤ በመጀመሪያው ዓመት ስድስተኛ ሆነ። በኋላ ሪያል ማድሪድን ይዞ በ1990 የላሊጋ ዋንጫ በ107 ጎል በላ። ፑሊስ ከዚህ ጋር እንዴት ይወዳደራል? እኔ የመለስኩለት ቶሻክ ስዋንሲ ከመድረሱ በፊት በሊቨርፑል ማሊያ የአውሮፓን ዋንጫ ያየ ሰው መሆኑን፣ ፑሊስ ግን ከጊሊንግሃም መልበሻ ክፍል እንደመጣ ነው። አልተዋጠለትም። ቶሻክ የራሱ ክር ያስፈልገዋል፤ ከፈትክ እመጣለሁ።